ትንሽ ከፈትኩላት

ቤሪል ባሏን በቀበረች በሦስተኛ ወሯ ቀናች። ሰው በሕይወት እያለ ሳይቀኑበት፣ መቃብሩ ላይ ሣር ከበቀለ በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ግን አትፍረዱባት። ያን ደብተር እናንተ ብታገኙት የእናንተም ደም ይፈላ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። የባሏን የዊልፍን ልብስ ለበጎ አድራጎት ሱቁ ልትሰጥ በከረጢት ስታጭቅ፣ የሥራ ጃኬቱን ኪስ ፈተሸች። ኪሱ ብሎን የማይታጣበት ሰው ነበርና። ሦስት ብሎን አገኘች፣ የደረቀ የከረሜላ ወረቀት አገኘች፣ ደግሞም መዳፍ የምታክል ደብተር። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረች፣ ቀን የታተመባት ደብተር ናት። ዊልፍ ለቃል ስስታም ነበር፤ ቴሌግራም እንደሚልክ ሰው ነው የሚጽፈው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አነበበች።

«ጁላይ 3። ቢ. ቢንጎ ሄደች። ገንዳ ውስጥ አስገባኋት።»

ቢ. ራሷ ቤሪል ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ቢንጎ የሚባለውን የዕጣ ጨዋታ ትሄዳለች። ታዲያ ገንዳ ውስጥ የገባችው ማን ናት?

«ጁላይ 10። ቢ. ቢንጎ። እንደገና ገንዳ። አላለቀሰችም። ሬጅ አያትና ቆንጆ ናት አለ።»

«ጁላይ 21። ውጭ ይዣት ወጣሁ። አለቀሰች።»

«ኦገስት 6። ከታች ቅባት ቀባኋት። ምንም አልረዳም።»

«ኦገስት 28። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ባሰባት።»

«ሴፕቴምበር 9። ቧንቧውን ከፍታ ነው የምታለቅሰው።»

«ሴፕቴምበር 11። ጥፋቱ የኔ ነው። አጥብቄ ዘጋኋት። ውስጧ ሞቆ ውጭው ሲቀዘቅዝ መተንፈሻ አጣች።»

«ሴፕቴምበር 12። ትንሽ ከፈትኩላት።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ባዶ ነው። ቤሪል ደብተሯን ዘግታ ከፈተች፣ ከፍታ ዘጋች። «መታጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ!» አለች ጮክ ብላ፤ ቤት ውስጥ ግን ከእሷና ከከረጢቱ በቀር ማንም አልነበረም።

ሴፕቴምበር 12ን እንዴት ትርሳው? በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር፣ ልጃቸውን ኮሊንን ከወለደች ለታ በቀር ተለያይተው አድረው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ቆሟል። ዊልፍ ራሱ ነው ያዘጋጀው፤ ካልሲዋን ሳይቀር እንደ ሚስማር ደርድሮታል።

«ስዋኔጅ ሂጂ፣ እህትሽ ጋ» አላት።

«ለስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት።»

«አንተስ?»

«እኔ አልመጣም።»

«ምን አድርጌህ ነው ዊልፍ?»

«ምንም። ትንሽ አየር ያግኝሽ።»

አውቶቡሱ እስኪወጣ ድረስ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ አያት። እጁን እንኳ አላወዛወዘም። ቤሪል እህቷ ኦድሪ ቤት ደርሳ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብላ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች፤ እንደ ድመት ከቤት ያስወጣት መሰላት። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለቱ ሳምንት አልቆ ስትመለስ ቤቱ ተጠርጓል፣ ገንዳው ተፈትጎ ያብረቀርቃል፣ ዊልፍ ሻይ አፍልቶ ይጠብቃታል። እሷ አልጠየቀች፤ እሱም አልተናገረ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የቤሪል ዝምታ ግን ሦስት ዓመት ያህል ከውስጥ ሲነቅዝ ኖረ። ፌብሩዋሪ ላይ ሆስፒታል ውስጥ እጁን ይዛ ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። አሁን ያ የዋጠችው ነገር ነው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የቆመው። ለምን አባረረኝ? ከዚህ ሌላ ከዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

እንግዲህ ደብተሯ መልሱን ሰጠቻት፤ ወይም የሰጠቻት መሰላት። እሷ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ እሱ ለሌላይቱ በር ይከፍትላታል። «ትንሽ ከፈትኩላት!» ቅናት በበር ሲገባ ማስተዋል በመስኮት ይወጣል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሬጅ መጣ። ሬጅ የዊልፍ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ ሁለቱም ከወንዙ ማዶ ያለው የጦር መርከብ መሥሪያ ግቢ ውስጥ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ዊልፍ ስንጥቅ ደፋኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ሥራው ውሃ የሚገባበትን ፈልጎ መድፈን ነው። ጡረታ ሲወጡ ሁለቱም የሞዴል መርከብ ክለቡ አባል ሆኑ። የዊልፍ መርከብ በሪሞት የምትሄድ ግራጫ የጦር መርከብ ናት፤ ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ አምስት ክረምት ፈጅታበታለች። መድፎቿ ከእስክሪብቶ ቀፎ፣ አጥሯ ከመርፌና ከመዳብ ሽቦ። ነገ እሑድ ክለቡ ለዊልፍ መታሰቢያ መርከብ በሚያስኬዱበት ኩሬ ላይ ሊያስኬዳት ነው፤ ሬጅ የመጣው ባትሪዋን ሊያይ ነበር።

ቤሪል በሩን በወጉ እንኳ አልከፈተችለትም።

«ሬጅ፣ ቆንጆ ናት ያልካት ሴትዮ ማን ናት?»

«ኧ?»

«ኧ አትበለኝ! ጁላይ 10። ገንዳዬ ውስጥ አይተሃታል። ቆንጆ ናት ብለሃል።»

ሬጅ ኮፍያውን አወለቀ። «ቤሪል፣ እኔ ካንቺ ገንዳ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። በሚስቴ አጥንት!»

«በሚስትህ አጥንት አትማል! ተጽፏል!»

ደብተሯን ደረቱ ላይ ለጠፈችበት። ሬጅ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፤ በሩ ላይ እንደቆመ አነበበ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤሪል «ይኸው፣ ጸጸት ያዘው» አለች በሆዷ። ቀና ሲል ግን በሳቅ ፊቱ ቀልቷል።

«አንቺ ሴትዮ! መርከቧ ናት እኮ!»

«የቷ መርከብ?»

«ስንት መርከብ አላችሁ? ያቺ ጓሮ ያለችው! እኛ መርከብን መቼ በስሟ ጠርተን እናውቃለን? ‹እሷ› ነው የምንላት። ስፌቷ ውሃ ጠብ ሲያደርግ ‹አለቀሰች› እንላለን። አርባ ዓመት ከስንጥቅ ደፋኝ ጋር ተኝተሽ ይኼን አታውቂም?»

«ሥራውን ቤት ይዞ አይመጣም ነበር።»

«ይኸው አሁን መጣልሽ!»

ቤሪል የምትገባበት ጠፋት። አፈረች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ተናደደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሁለቱንም ሆና ሁለት ሌሊት አደረች። ሻይ በወተት ቀዳችለት፤ ብስኩቱንም ከተደበቀበት አወጣች። ሬጅ መርከቧን ከጓሮው የእንጨት ቤት ተሸክሞ አመጣና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኛት። ደብተሯን ከጎኗ ዘረጋ።

«ገንዳው ሙከራ ነው፤ ሁላችንም ቤት እንደዚያ ነው። ሚስት ስትወጣ ገንዳ እንሞላለን። እንጨቷ ላይ ፋይበር ለብሷል፣ ሦስት እጅ ሙጫ ጠጥታለች፤ ቂጧን እይው፣ እንደ ሸክላ ነው። ለዚህ ነው ገንዳ ውስጥ ያላለቀሰችው። ኩሬ ላይ ስትወጣ ግን ታለቅሳለች። እሱንም ግራ አጋብቶት ነበር፤ አስታውሳለሁ፣ ‹ሬጅ፣ ቀዳዳ የላትም፣ ውሃ ግን አለባት› ይለኝ ነበር። ቅባቱን የቀባው እዚህ ነው።» ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ የሚያልፍበትን ቀጭን ቱቦ በጣቱ ነካ። «ኦገስት 28፣ ክዳኗን በቫዝሊንና በፕላስተር ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ባሰባት። ሴፕቴምበር 9...»

ሬጅ እዚህ ላይ ተሰናከለ። መነጽሩን አወለቀና ጠረገ።

«‹ቧንቧውን ከፍታ ነው የምታለቅሰው።› ቧንቧ የሚለው መቼም ይኼ የዘንጉ ቱቦ መሆን አለበት። ግን ይኼ የሚከፈት ነገር አይደለም። ደግሞስ በምን እጇ ትከፍተዋለች?»

«ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ዊልፍ? በመርከብ ጉዳይ? ተይ እንጂ።» ራሱን እያከከ ወደ ቀጣዩ አለፈ፤ ፊቱም በራ። «አሃ! አገኘው! ጎበዝ ሽማግሌ! ስሚኝ ቤሪል። ሞተሩ ሲሠራ ውስጧ ያለው አየር ይሞቃል፣ ያብጣል። ስትቆም ውሃው ያቀዘቅዛትና አየሩ ይኮማተራል። የሆነ ቦታ መተንፈሻ ካላት ችግር የለም። ጥርቅም ተደርጋ ከተዘጋች ግን በዚህች ቱቦ በኩል ውሃውን ትስበዋለች። ይበልጥ በተዘጋች ቁጥር ይበልጥ ትጠጣለች። ችግሩ ቀዳዳ ማጣቷ ነው! በማግስቱ በሳላት። ‹ትንሽ ከፈትኩላት።› አለቀ፣ ደቀቀ።»

«የታለ የበሳው?»

«ከጭስ ማውጫው ሥር ይሆናል።»

ጭስ ማውጫውን አነሡ፤ የለም። ምሰሶውን አዩ፤ የለም። ቤሪል የእጅ ባትሪ አምጥታ ክዳኗን ከውስጥም ከውጭም አበሩባት። መርፌ የሚያሾልክ እንኳ አልተገኘም።

«ጥሩ አድርጎ ደብቆት ይሆናል» አለ ሬጅ፤ ድምፁ ግን አላመነም። «ነገ ኩሬው ይነግረናል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ቤሪል መርከቧ ፊት ቁጭ ብላ ቀረች። ሴት የለችም፤ እሰይ። ግን ከበፊቱ ይብስ ግራ ገባት። ሴት ከነበረችበት ይልቅ ሴት የሌለችበት ነገር አስቸገራት! መርከብ ለመብሳት ሚስት ከቤት ይባረራል? ያውም ላልበሳው ቀዳዳ? የዚያን ዓመት ነገር አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረች። ማርች ላይ ኮሊን ልጆቹን ይዞ ኒውዚላንድ ገባ። እሷ ሐዘኗን ለዊልፍ አላሳየችውም፤ አንድ ቀን በፊቱ እንባ አላፈሰሰችም። እሱ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መዝጋት ያዘ። ነፋስ እንዳይገባባት ብሎ መስኮቱን ሁሉ በማሸጊያ ደፈነ። እንዳትደክም ብሎ ገበያውን ራሱ ሄደ። ስልክ ሲደወል «ተኝታለች» ይላል። ጎረቤት ሲመጣ «ትረፍበት» ይላል። ኦገስት ላይ ቢንጎውንም «የሲጋራው ጭስ ይጎዳሻል» ብሎ አስቀራት። ፍቅር ነው ብላ ቻለችው። ከስዋኔጅ ስትመለስ ግን መስኮቶቹ ተከፍተው ነበር፤ ሐሙስም ሲመጣ «ቢንጎ አትሄጂም እንዴ?» አላት። ያኔ ይኼም ቢሆን ገፍቶ ማስወጣት ነው የመሰላት።

እሑድ ጠዋት ሜይ ነው ቢሉም ብርዱ ለጉድ ነበር። የክለቡ ሽማግሌዎች ጎማ ቦቲያቸውን አጥልቀው ኩሬው ዳር ተሰልፈዋል። መርከቧ ስትወርድ አንዱ «ኸረ ዊልፍ፣ እጅህ ይባረክ!» አለ። እውነትም ታምራለች። ሬጅ ሪሞቱን ይዞ አሥር ደቂቃ ያህል አዞራት፤ ስትታጠፍ እንደ እውነተኛዎቹ አረፋ ትጎትታለች። ከዚያ መሀል ላይ አቆማት። አባል ሲሞት ወጉ ይኼ ነው፦ መርከቡ ኩሬው መሀል ይቆማል፣ ኮፍያ ይወልቃል፣ ለሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል።

ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ መርከቧ ከኋላዋ ዝቅ ብላለች።

«ሬጅ፣ እየጠጣች ነው!»

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ!»

እየጎተተ እየለመናት ዳር አደረሳት። ክዳኗን ሲያነሣ ሁለት ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ ሞተሩን አልፎ ባትሪው ሥር ደርሷል። «ሐዘኑ እሷም ላይ በርትቷል» አለ አንዱ ቀልደኛ፤ ሳቁ። ሬጅ ግን አልሳቀም። በፎጣ እያደረቀ ለቤሪል ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አልበሳትም። ምክንያቱን አውቆ፣ ጽፎ፣ አልበሳትም። ስናስበው እንዴትስ ይበሳት? አርባ ዓመት ሲደፍን የኖረ ሰው ደህና መርከብ በገዛ እጁ ቀዳዳ ያውጣባት? እጁ እምቢ ብሎት ነው። ከዚያ ሴፕቴምበር ወዲህ ኩሬው ላይ ድርሽ አላለችም፤ ለካ ለዚህ ነው።» ቤሪል ያመጣችውን ደብተር ተቀብሎ እንደገና አየ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባ አለኝ። ለእሷ ካልከፈተላት፣ ታዲያ ለማን ነው የከፈተላት?»

ቤሪል ደብተሯን ከእጁ ተቀብላ ሴፕቴምበር 9 ላይ ጣቷን አኖረች።

ቧንቧውን ከፍታ ነው የምታለቅሰው።

ኮሊን ከሄደ በኋላ ቤሪል የምታለቅስበት የራሷ ቦታ ነበራት። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ትቆልፋለች፣ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ትከፍታለች፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አፏን በፎጣ አፍና ታለቅሳለች። ውሃው ይጮህላታል። ከዚያ ፊቷን ታጥባ «ሻይ ትጠጣለህ?» እያለች ትወጣለች። ስድስት ወር ሙሉ፤ በየቀኑ። ዊልፍ ጋዜጣ እያነበበ ነው፤ አይሰማም፤ ምን ይሰማል? ይኼን ለኦድሪ እንኳ አልነገረችም፤ እግዜርና ቧንቧው ብቻ ናቸው የሚያውቁት ብላ ነበር።

ለካ እሱ በሩ ማዶ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቀኑን ጽፎታል። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ የሚያውቀው መድፈን ነበርና ደፈነ፣ ደፈነ፣ ባሰባት። ከዚያ በጓሮው ቤት፣ የዚህችን የግራጫይቱን መርከብ ክዳን ከፍቶ ውሃዋን ሲያይ፣ ገባው። ጥፋቱ የኔ ነው። መርከቧን መብሳት አልቻለም። የእሷን ሻንጣ ግን አዘጋጀ። በአውቶቡሱ መስኮት ያየችው ኪሱ ውስጥ የገባው እጅ፣ ማወዛወዝ ያቃተው እጅ ነው።

ደግሞስ ከስዋኔጅ ከተመለሰች ወዲህ ያን ቧንቧ ለማልቀስ ከፍታው ታውቃለች? አንድ ቀን እንኳ የለም። ይኼን አሁን ገና ነው ያስተዋለችው።

«ቤሪል? ምነው፣ ብርዱ መታሽ?»

«መሰርሰሪያ ይዘሃል?» አለችው።

«ሣጥኔ ውስጥ አለ። ለምን?»

«አምጣው።»

ሬጅ የእጅ መሰርሰሪያውን አወጣ። ጭስ ማውጫውን አንሥቶ ቦታውን በእርሳስ ነጥብ አደረገላት። ሽማግሌዎቹ ተጠጉ፤ አንዱ «የዊልፍን መርከብ? ኸረ በሕግ!» ብሎ ሊከለክል ሲል ሬጅ በክርኑ ገፋው። ቤሪል ጎንበስ ብላ አዞረች። እንጨቱ ጩኸት አሰማ፣ ነጭ ዱቄት ወጣ፣ ከዚያ ብረቱ ባዶ ውስጥ ሾልኮ ገባ። ጭስ ማውጫውን መልሰው ከደኑት፤ ማንም አያይም።

መርከቧ ተመልሳ ወረደች። አሥር ደቂቃ ዞረች፣ መሀል ላይ ቆመች። ኮፍያ እንደገና ወለቀ፤ ሁለተኛ ሐዘን ክለቡ አይቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ሁሉም ዝም አለ። ሁለቱ ደቂቃ አለቀ። መርከቧ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሬጅ አምጥቶ ክዳኗን አነሣና ጣቱን እስከ ታች ሰደደ። አወጣው፤ ለሁሉም አሳየ።

«ደረቅ! እንደ ብስኩት ደረቅ!»

ደስ ብሎት ወደ ቤሪል ዞረ፤ ዞሮም ደነገጠ።

«ውይ ቤሪል! አንቺ ደግሞ ከየት ነው የምታፈሺው?»

ሽማግሌዎቹ ሰማዩን ማየት ጀመሩ። እሷ ፊቷን አልሸፈነችም፤ መሀረብም አልፈለገችም። እዚያው ኩሬው ዳር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ምንም ቧንቧ ሳትከፍት አለቀሰች።